ሽንዲ አልፈረመም

መጋቢት 3፣ ረቡዕ። ፍኖተ ሰላም

ጆንያው ላይ የተጻፈው ዘርና ጆንያው ውስጥ ያለው ዘር አንድ መሆኑን በምን እናውቃለን? አባቴ በየዓመቱ የበቆሎ ዘር ገዝቶ ሲመለስ ይህን ይጠይቃል። ጎረቤቱም ይጠይቃል። መልስ የሚጠብቅ ግን የለም፤ ጥያቄው እንደ «እንዴት አደራችሁ» ሆኗል።

ከዛሬ ጀምሮ መልሱን የምሠራው እኔ ነኝ። ዲግሪዬን እናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ሁለት ዓመት ቤት ከዋልኩ በኋላ የገበሬዎቹ ዩኒየን ለአንድ የዘር ወቅት ሙከራ ቀጠረኝ። ሥራው በአጭሩ፦ አራት ትንንሽ ኮምፒውተሮች፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ማንኩሳ፣ አንዱ ቡሬ፣ አንዱ ሽንዲ። እያንዳንዳቸው ኖድ ይባላሉ። ቡሬ መጋዘን የገባ የዘር ጭነት ሲመዘገብ መዝገቡ ለአራቱም ይደርሳል፤ ከአራቱ ሦስቱ ከፈረሙበት ይጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ ማንም አይሰርዘውም፤ ዩኒየኑም፣ እኔም።

አስተባባሪው አቶ ደጀኔ ሲያስረዱኝ፣ እዚህ አገር መዝገብ የሚጠፋው አይጥ ስለሚበላው ሳይሆን አንድ ሰው ቤት ስለሚያድር ነው አሉ። አባባሉን ወደድኩት። አራት ቤት እናሳድረዋለን ማለት ነው።

መጋቢት 8፣ ሰኞ። ማንኩሳ

የማንኩሳ ኖድ ተነሣ። ባትሪ፣ ሲም ካርድ፣ የሌሎቹ ሦስት አድራሻ፣ ቁልፍ። ቁልፍ የምንለው ኖዱ የሚፈርምበትን ረጅም የምስጢር ቁጥር ነው፤ ቁልፉ በእጁ ያለ እርሱ ፈራሚ ነው።

እዚህ ኖዱን የሚይዙት የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ወይዘሮ እናኑ ናቸው። «ኖድ» ስላቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። ስሙ ከሆድ ጋር ይገጥማል፣ ለመዝገብ አይሆንም አሉ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ሣቀ። ሌላ ቃል ፈለግሁ። ምስክር በሉት፣ አራት ምስክሮች አሉ፣ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ይመሰክራሉ አልኩ። ወዲያው ገባቸው። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ይኸማ የኛው ነው አሉ።

አራት ዓመት የተማርኩትን በአንድ ቃል አስረዳሁ። ማታ ለአቶ ደጀኔ ስነግራቸው ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ። ቡሬ

ሩጫ። የቡሬ ኖድ ተነሣ፤ ሌሎቹ ግን አልቀበልህ አሉት። ግማሽ ቀን ፋየርዎል፣ የኮምፒውተሩን መከላከያ፣ ስፈትሽ ዋልኩ። ነገሩ የሰዓት ነው። የመጋዘኑ ኀላፊ ወንዳወቅ የኮምፒውተሩን ሰዓት በሐበሻ ሞልቶታል፤ ከሌሎቹ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። «እና እኔ ገና አልነጋልኝም ማለት ነው? ሲስተሙ ነው እንጂ ፋራው» አለ። እኩያዬ ነው፤ ነገርን በቀላሉ ይይዛል። አስተካከልኩት። ሦስት ኖድ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ። ሽንዲ

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ስለተከፈተ በጠዋት ደረስኩ። የሽንዲን ኖድ የሚይዙት መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው፤ የቅኔ መምህር፣ የማኅበሩም ጸሐፊ። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። አቶ ደጀኔ የመረጧቸው ለጽሕፈታቸው አይደለም። በዚህ አካባቢ የድንበር ክርክር ሲነሣ የኔታ «አየሁ» ካሉ መሐላ አይጠየቁም፤ «አላየሁም» ካሉም ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የነበረ ሰው የመጣሁበትን ጉዳይ ሲሰማ፣ የኔታ ከገቡበትማ እኛም ገባንበት አለ።

ስገጣጥም ቆመው አዩኝ። ከዚያ ጠየቁ።

«ምስክር ነው ይሉታል። ምን ያያል?»

ምንም አያይም፣ ከቡሬ የተላከው ቃል ሳይለወጥ መድረሱን አረጋግጦ በራሱ ይፈርማል አልኳቸው።

«ታዲያ ሰሚ ነዋ።»

እንደዚያም ሊባል ይችላል አልኩ። መከራከር አልፈለግሁም፤ ለመመለሻ መኪና ሰዓቱ ደርሶ ነበር።

የሽንዲው መሣሪያ አሮጌ ስለሆነ ቁልፉን ላፕቶፔ ላይ ፈጥሬ ነው የገለበጥኩላቸው። ይህንንም አስተዋሉት። ቅጅው ባንች ዘንድ ቀረ ወይ አሉ። ስገባ አጠፋዋለሁ አልኳቸው። እሽ አሉ።

አራቱም አረንጓዴ ናቸው። ዛሬ ደክሞኛል፤ ቁልፉን ነገ አጠፋለሁ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

የሙከራ መዝገብ ላክሁ። ቡሬ ፈረመ፣ ማንኩሳ ፈረመ፣ ፍኖተ ሰላም ፈረመ። ሽንዲ አልፈረመም።

ደገምኩት። ሽንዲ አልፈረመም።

ባትሪ ይሆን? ሲሙ? መንገዱ እንደገና ተዘግቷል፤ ሄዶ ማየት የለም። አብራኝ የተማረችው ሜላት ከአዲስ አበባ «ገና እዚያው ነሽ?» ብላ ጽፋልኛለች። እሷ አሁን የምትሠራበት ቢሮ ሊፍት አለው። አልመለስኩላትም።

ቁልፉን አላጠፋሁትም። ኖዱ ተበላሽቶ ከሆነ ያስፈልግ ይሆናል።

መጋቢት 28፣ እሑድ

የኔታ ራሳቸው ደወሉ። ኖዱ አልተበላሸም። ከሌላ ቦታ መዝገብ ሲመጣ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ያን ጊዜ ከሶኬቱም ከባትሪውም ይነቅሉታል። ይህን የነገሩኝ ዶሮ ቆጥ ላይ ስለማውጣት በሚነገርበት ድምፅ ነው። ለምን አልኳቸው።

«በግዕዝ ስምዕ ማለት ምስክርነት ነው። የቃሉ ሥር መስማት ነው። ሰምቶ የመሰከረ ሰማዕት ይባላል፤ ሰማዕት ደግሞ አንገቱን ይሰጣል። ያንች ማሽን አንገት አለው?»

የለውም አልኩ።

«እንግዲያው የሚሄደው የኔ ነው። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ምስክር ያልኩት እኮ ለማስረዳት ያህል ነው አልኳቸው። ቃል ለማስረዳት ያህል አይባልም አሉ፤ ሳቅ ብለው ነው፣ አልተቆጡም። ጭነቱ ሽንዲ ሲደርስ ጆንያውን ከፍተው፣ ዘሩን በእጃቸው ካዩ በኋላ እንደሚፈርሙ ነገሩኝ። እኛ ፊርማውን የምንፈልገው ግን ጭነቱ ቡሬ እያለ ነው፤ መዝገቡ ካልጸደቀ መኪናው ከመጋዘን አይወጣም።

ያም ሆኖ ሦስት ፊርማ ይበቃል፤ ከሽንዲ ውጭ ሦስት አለን። ስለዚህ ችግር የለም። ለአቶ ደጀኔ ሪፖርቱ ላይ «የኔትወርክ መቆራረጥ» ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

አቶ ደጀኔ በየጆንያው የሚንጠለጠል ካርድ አሠርተዋል። «ይህን ዘር ምስክሮች አይተው አረጋግጠዋል» ይላል፤ ከሥሩ የፈረሙት ኖዶች ኀላፊዎች ስም ከነማዕረጋቸው ይታተማል። «አይተው» የምትለዋ ብትወጣ አልኳቸው። ኖዱ አይቶ አይደል የሚፈርመው፣ ደግሞስ ቃሉን ያመጣሽው አንች አይደለሽም ወይ አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሙከራው ከተሳካ በበጋው አሥራ ሁለት ቦታ ይጨመራል፤ ኀላፊዋ አንች ነሽ አሉኝ። ማታ ካርታ አውጥቼ እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ ነጥብ አደረግሁ። ነጥቦቹን በመስመር ሳገናኛቸው ያምራሉ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ለሽንዲ የሚሄደው ጭነት ቡሬ ገባ። ወንዳወቅ መዘገበ። ቡሬ ፈረመ፣ ፍኖተ ሰላም ፈረመ። ማንኩሳ መብራት ከጠፋ ሰነበተ፣ ባትሪውም አልቋል። ሽንዲ አልፈረመም። ሁለት ከአራት።

የሽንዲ መንገድ እስከ ዓርብ ብቻ ክፍት ነው ተብሏል። ከዚያ በኋላ ማንም አያውቅም።

ለየኔታ ደወልኩ። ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቤተክርስቲያን ስግደት ላይ ናቸው፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ቢያነሡም የሚሉትን አውቃለሁ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

አቶ ደጀኔ ጠዋት ቢሮዬ መጡ። አልተቀመጡም። ዘሩ ካልሄደ ሽንዲ ዘንድሮ ምን ሊዘራ ነው አሉ። እውነት ነው። በር ላይ ደርሰው ዞሩና፣ መፍትሔ ካለሽ እንዴት ብዬ አልጠይቅሽም አሉ።

የሽንዲ ቁልፍ ላፕቶፔ ውስጥ አለ። የሽንዲን ኖድ እዚሁ አስነሣሁት። አድራሻውን ሞላሁ፣ ሰዓቱን አመሳሰልኩ፣ ተገናኘ። ለሌሎቹ እኔ ሽንዲ ነኝ። ፈረመ። ሦስት ከአራት።

ካርዶቹ ታተሙ። መኪናው ነገ ይነሣል። በሙያው አነጋገር ይህ መጠባበቂያ ይባላል፤ ትልልቅ ድርጅቶችም ያደርጉታል።

እናቴ ከቤተክርስቲያን ተመልሳ የረቡዕን ምንባብ፣ ጌታ በሠላሳ ብር የተሸጠበትን፣ ስትነግረኝ ነበር። አላዳመጥኳትም። ድካም ነው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዘሩ ደርሷል። ካርዱ ስላለው የኔታ ከቤተክርስቲያን እስኪወጡ ሳይጠበቅ ለገበሬው ተከፋፍሏል። ለየኔታ እንኳን አደረስዎ ልል ስልኩን አንሥቼ ተውኩት። ኔትወርክ አይኖርም።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ማንኩሳ መብራት መጣ። ወይዘሮ እናኑ ማሽናቸውን ሲያበሩ ያለፈው መዝገብ ሁሉ፣ የሽንዲም ፊርማ፣ ወረደላቸው። ደወሉ። ስለ ጾም ፍቺያችን፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፤ ከዚያ፦

«ያምሮትዬ፣ የኔታ በሕማማት ስልክ አያነሡም፤ ማሽን ያስነሣሉ ማለት ነው?»

ሲስተሙ ነው፣ በራሱ ይፈርማል አልኳቸው።

«ሲስተሙ የማን ልጅ ነው?»

ሣቅሁ። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁ። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። ራሴን የምወቅስበት ነገር አይታየኝም። ዘሩ በጊዜ ደርሷል።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ። አራቱን አረንጓዴ መብራት ስክሪኑ ላይ ፎቶ አነሡ። አንደኛዋ፣ ያ መንገድ የሌለውም ቦታ ፈርሟል ወይ አለች። ፈርሟል አልኩ። አቶ ደጀኔ አጨበጨቡ፤ ሌላውም ተከተለ። ምሳው ላይ ሲያወሩ «ይቺ ልጅ» ሲሉ በተደጋጋሚ ሰማሁ። መልካም ቀን ነበር።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ዝናብ ጣለ። ሁሉም ሰው ማሳ ላይ ነው።

አባቴ ሊዘራ ሲወጣ ዘሩ ስንት ምስክር አለው አለኝ። አራት አሉ፣ ሦስት ከፈረሙ ይበቃል አልኩት። አንችም አንዷ ነሽ አለ። አዎ አልኩ። ከሦስቱ ሁለቱ እንደሆንኩ አልነገርኩትም፤ የእርሱ ዘር ከሌላ ጭነት ነው፣ አይመለከተውም።

የሽንዲን ቁልፍ ዛሬ ከላፕቶፔ አጠፋሁት። አሁን ንጹሕ ነው።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ወንዳወቅ ደወለ። ከሽንዲ ወሬ አለ፤ ከዘሩ ገሚሱ ከአፈር አልወጣም። የከረመ ዘር ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ መጥቷል ይላሉ። ጆንያዎቹን ከፍተህ አይተህ ነበር አልኩት። የመጫኛ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የሞላሁት፣ ምስክር ሞልቶ እኔን ምን አስለፋኝ አለ። ቀልዱ ወደ መጨረሻው አካባቢ ሟሸሸበት።

ቀጥሎ የነገረኝን እንደወረደ ልጻፈው። ንግሥቴ የምትባል ገበሬ ካርዷን ይዛ የኔታ ደጅ ሄደች። ስምዎ ስላለበት ነው የወሰድኩት አለቻቸው። የኔታ አላየሁም፣ አልፈረምኩም አሉ። ካርዱ ደግሞ አይተዋል ይላል። ሰው ካርዱንና የኔታን እያየ ተበተነ። ባለፈው ሳምንት አንድ የድንበር ነገር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የኔታን ሳይጠሩ ጨረሱት። እንዲህ ያለ ነገር በሽንዲ ሆኖ አያውቅም።

«ረስተውት ይሆናል እኮ፤ እርጅና ነው» አለ ወንዳወቅ። በክፋት አይደለም። የሚያውቀው ነገር የለም።

ይሆናል አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ይሆናል።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

አቶ ደጀኔም ያንኑ ቃል ይዘው መጡ። ረስተው ነው እንበል፣ ሽማግሌ ቢረሳ ማን ይቀየማል አሉ። ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ ደግሞ ጸሐፊዋ ለአንዱ ስትነግረው ሰማኋት፤ የቅኔ ሰው ልቡ ሰማይ ላይ ነው፣ የፈረመውን የት ያስታውሳል ትላለች። ወሬው ከኔ ቀድሞ ተደራጅቷል። እኔ የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው፤ እሱም ቀላል ነው፣ እስካሁን ስሠራው ኖሬያለሁ።

መርሳት። ላፕቶፔ ውስጥ ስለቀረው ቅጅ የጠየቁኝ የኔታ ብቻ ናቸው።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ። ሽንዲ

በእህል ጫኝ መኪና መጣሁ። የኔታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ደጅ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ደጃቸው ባለጉዳይ አጥቶ አያውቅም ይባላል፤ ዛሬ ሁለት በግ ብቻ ነው ያለው። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ስለ መጠባበቂያ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ ዝናቡ። ከአፌ የወጣው አጭር ነው። በእርስዎ ስም የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«የት ሆነሽ?»

ፍኖተ ሰላም አልኩ።

«መቼ?»

በሕማማቱ፣ ረቡዕ ዕለት።

«ረቡዕ» አሉ። በጎቹ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደው ተመለሱ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅር ለእግዚአብሔር አሉ፤ እግራቸውን ለረገጣቸው ሰው እንደሚሉት። የተገላገልኩ መስሎኝ ልነሣ ስል በእጃቸው ምልክት መለሱኝ።

«ለኔ ነገርሽኝ። የመሰከርሽው ግን ለኔ አልነበረም። ካርዱን ያነበበው ይስማው።»

ሽማግሌዎቹን አስጠሩ፤ ንግሥቴንም። ዝናብ ስለጀመረ ጣሪያው ሥር ተጠጋግተን ቆምን፤ በፊታቸው ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ቃሉ ያው ነው፣ ሰው ግን በዝቷል። አንዱ ሽማግሌ ወደ የኔታ ዞረው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የኔታ ረዷቸው፤ ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ነው አሉ። ደህና ነው አሉ ሽማግሌው።

ንግሥቴ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም። «ይሁን፤ የኔታ ነጹ። እኔስ ማሳዬ ላይ ምን ላብቅል?»

ከመመለሴ በፊት የሽንዲን ኖድ አዲስ ቁልፍ ሠራሁለት፤ እዚያው መሣሪያው ላይ፣ የኔታ እያዩ። እኔ ጋ ምንም አልቀረም።

ሰኔ 2፣ ሰኞ። ፍኖተ ሰላም

አቶ ደጀኔ ነገሩ እዚያው ሽንዲ ላይ ይቅር አሉኝ። የኔታ ነጽተዋል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? መዝገቡ ውስጥ ካስገባሽው አይሰረዝም፤ አሥራ ሁለቱ ቦታም ይቀራል፣ አንችም ትቀሪያለሽ። በተረጋጋ ድምፅ ነው ያሉኝ፤ ለኔ ማሰባቸውም አይጠረጠርም።

አይሰረዝም፤ ልክ ናቸው። የሚያዝያውን መሰረዝ አልችልም። ከላዩ ማስተካከያ መጨመር ግን እችላለሁ። ማስተካከያው ከጸደቀ ጭነቱ «ያልተረጋገጠ» ይባላል፤ ያልተረጋገጠ ዘርን ደግሞ ዩኒየኑ በውሉ መሠረት መተካት አለበት። ማጽደቂያው ያው ነው፤ ከአራት ሦስት።

ኖዶቹ በራሳቸው እንዳይፈርሙ ዘጋሁ። ከእንግዲህ ሰው አንብቦ «ፈርም» የሚለውን ካልተጫነ ፊርማ የለም። ማስተካከያውን ጻፍኩ፤ ለፍኖተ ሰላም እኔ ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ የሽንዲ መብራት በራ፤ የኔታ ሙሉውን ሳያነብቡ አልቀሩም፣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፈረሙ። አልደወሉም።

ለቡሬና ለማንኩሳ የሚከተለውን ልልክ ነው። ከመላኬ በፊት እዚህ ገለበጥኩት፤ ቃሉ እንዳይለዝብብኝ።

«እታለም እናኑ፣ ወንዳወቅ፤ ሚያዝያ 8 ሽንዲ የፈረመ መስሎ የወጣው እኔ ነኝ እንጂ የኔታ ክንፈሚካኤል አይደሉም። ማስተካከያው ስክሪናችሁ ላይ አለ። እኔ ስላልኩ አትፈርሙ፤ አንብቡት። እታለም፣ ያን ሰሞን የእርስዎ ማሽን ጠፍቶ ነበር፤ ሲበራ ያዩትን ይጨምሩበት። ወንዳወቅ፣ ጆንያዎቹ ሲገቡ ያየኸውንና ያላየኸውን አንተው ጻፈው፤ እኔ ላንተ አልጽፍልህም። የማትስማሙበት ካለም እሱኑ ንገሩኝ። ሁለት ሆነናል፤ አንድ ይጎድለናል። ንግሥቴ ማሳዋን ደግማ አርሳ ቆማለች። ዝናቡ ሳያልፍ መልሱልኝ።»